የኤሊሳፒ ግምገማ

ባለፈው ሰሞን ልጄ ከሥራ መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተዘረጋችና እየሳቀች አንድ ነገር ነገረችኝ። መሥሪያ ቤታቸው አዲስ ፈሊጥ ጀምሯል። በዕድሜ ትልቋን የሥራ ባልደረባቸውን፣ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራትን ሴት፣ መሐል ያስቀምጡና ሁሉም በየተራ ድክመቷን ይነግሯታል። ሴትዮዋም ፈገግ ብላ ታመሰግናለች።

«አንቺስ ምን አልሻት?» አልኳት።

ድምፄ ሳላስበው ከፍ ብሎ ኖሮ ስልኳን አስቀምጣ አየችኝ። «ማሚ፣ ኢትስ ጀስት ፊድባክ። ሪላክስ።»

ሪላክስ አላደረግሁም። ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ፤ ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው ዓይኑ ለምን እንደቀላ ማንም አይጠይቀውም። ይህ ፊድባክ የሚሉት ነገር እኔ በልጅነቴ የማውቀው በሌላ ስሙ ነው። ያኔ ሂስና ግለ ሂስ ይባል ነበር፤ መንግሥት ሲለወጥ ግምገማ ተባለ። አባቴ ደሴ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበር። አንድ ቀን ከእንዲህ ያለ ስብሰባ ተመልሶ ኮቱን ሳያወልቅ እስኪመሽ ድረስ ተቀመጠ። የገዛ ተማሪዎቹ ናቸው አሉ እየተነሡ የተናገሩት። ከዚያ በኋላ ማስተማሩን አልተወም፣ ሰላምታ መስጠት ግን ተወ። በመንገድ ሲያልፍ ባርኔጣውን ዝቅ ያደርግ ነበር።

ሽንኩርቱን ስከትፍ ያስታወስኩት ግን አባቴን አይደለም፤ ኤሊሳፒን ነው።

ዕድሜዬ ሃያዎቹ ውስጥ ነበር። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ገባ ብሎ በሚገኝ ሕንፃ ውስጥ፣ በየአገሩ ያሉ የጋራ መሬት ማኅበራትን የሚያሠለጥን ትንሽ ድርጅት ነበር። እዚያ ያስገባኝ ጋሼ መስፍን ነው። ጋሼ መስፍን የአባቴ ጓደኛ ነበር። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፣ ዛሬም እለዋለሁ፤ እዚህ ግን ጸሐፊዋ እኔ ነኝና አንቱታውን ትቼዋለሁ።

ጋሼ መስፍን በተማሪነቱ ዘምቶ ገጠር ውስጥ ገበሬ ማኅበር ያደራጀ ሰው ነው። መሬት ከባላባት ተወስዶ ለገበሬ ሲሰጥ በዓይኑ አይቷል። በሕይወቱ ከዚያ የበለጠ ነገር ያየ አይመስለኝም። ከዚያ ካድሬ ሆነ፣ ከዚያ ተሰደደ፣ አሜሪካ መጥቶ በመሬት ይዞታ ማስተርሱን ሠራ። ከረባት አሠረ፣ እንግሊዝኛው ተስተካከለ፣ ፋሲሊቴተር፣ የስብሰባ አወያይ ማለት ነው፣ ተባለ፤ ሲናገር ግን እጁን የሚያወናጭፈው ያው እንደ ዘመቻው ጊዜ ነበር። «ማኅበር የሚሞተው ሊቀ መንበሩ ባላባት የሆነ ዕለት ነው» ይል ነበር። እኔም ያኔ ትልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ሰመር፣ ዛፍ ከማይበቅልበት ከሰሜን ካናዳ የባሕር ዳርቻ፣ የአንድ መንደር የመሬት ማኅበር አባላት ለሥልጠና መጡ። እኛ ኤስኪሞ እንላቸው ነበር፤ እነሱ ራሳቸውን ኢኑይት ይላሉ። መንግሥት በስምምነት መሬታቸውን ለጋራ ባለቤትነት አስረክቧቸዋል፤ መሬቱን የሚያስተዳድረው የመንደሩ ማኅበር ግን ገና ዳዴ የሚል ነበር። ስብሰባ እንዴት እንደሚመራ፣ ከኩባንያ ጋር እንዴት እንደሚደራደሩ፣ እርስ በርስ እንዴት እንደሚተባበሩ ልናሠለጥናቸው ነበር። ለይስሙላ የመጡ አይደሉም። አንድ የማዕድን ኩባንያ ከመንደራቸው በላይ ያለውን ሐይቅ ዳር ልቆፍር ብሎ ጠይቋቸዋል፤ አገራቸው ሲመለሱ እሺ ወይም እምቢ ሊሉት ነው።

ሊቀ መንበሯ ኤሊሳፒ ትባላለች። ስድሳ ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ አጭር፣ ፊቷ ሰፊ፣ ስትስቅ ዓይኗ የሚጠፋ ሴት ነበረች። እንግሊዝኛዋ የጥቂት ቃላት ነው። ምክትሏ ፒታ የእህቷ ልጅ ነው፤ እናቱ አሳልፋ ሰጥታት ከጨቅላነቱ ያሳደገችው እሷ ናት፤ በእነሱ ዘንድ የተለመደ ነው። ወጣት፣ ቁመናው ያማረ፣ ትንሽ ኩሩ። ጸሐፊያቸውና አስተርጓሚያቸው ሊያ ትባላለች፣ የእኔ ዕኩያ። ስሟ የእኛም ስም ነው ብያት ጓደኛ ሆንን። ሌሎቹ ጸጥተኛ ሽማግሎች ነበሩ።

ያሳረፍናቸው አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ የገበያ ማዕከል አጠገብ ያለ ሆቴል ነው፤ ሥልጠናውም እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነበር። ያን ዓመት ሙቀቱ ምሕረት አልነበረውም። አየሩ ፊትን በእርጥብ ፎጣ እንደ መሸፈን ያለ ነው። ጋሼ መስፍን ግን እንደ ብዙዎቻችን ኤሲ አይወድም፤ ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ማቀዝቀዣውን ማጥፋት ነው። በነሐሴ ሹራብ ለብሶ ስለ ተሳትፎ ሲያስተምር፣ እነዚያ በረዶ ላይ የተወለዱ ሰዎች ላባቸው እየተንጠፈጠፈ በትሕትና ያዳምጡታል። ኤሊሳፒ በእረፍት ሰዓት ኮሪደር ላይ ካለው የበረዶ ማሽን ትቀዳና ትቆረጥማለች። «ይህ በረዶ ጣዕም የለውም፤ ሞቷል» አለችኝ በሊያ በኩል። እኔ ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ፣ ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ በቫን ስመላለስ ቤልትዌይ የሚሉት የቀለበት መንገድ ላይ ነው ያረጀሁት።

አንድ ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ አመጣኋቸውና የሐበሻ ሥጋ ቤት ወሰድኳቸው። ጥሬ ሥጋ ይበላሉ ሲባል ሰምቼ ነው፤ ቢሆንም ልቤ ይፈራ ነበር። ሥጋ ቆራጩ ሽንጥና ትንሽ ጮማ አድርጎ ከቢላዋ ጋር አቀረበ። ኤሊሳፒ ሥጋውን ዘለግ አድርጋ ያዘች፣ ጫፉን በጥርሷ ነከሰች፣ ቢላዋውን ከታች ወደ ላይ ሰድዳ ከአፍንጫዋ ሥር ቀጭ አደረገችው። እኔ በአፌ አየር ስቤ ቀረሁ። ሥጋ ቆራጩ ደግሞ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ መጣ።

«እንዴ! ይቺ ሴትዮ የየት አገር ሰው ናት? አጎቴ እንኳ እንዲህ አልቆረጠም!»

«ከሰሜን ናት» አልኩት።

«ጎንደሬ ናታ!»

ለሊያ ነገርኳት፣ ሊያ ለኤሊሳፒ ነገረቻት፣ ኤሊሳፒ ዓይኗ እስኪጠፋ ሳቀች። አዋዜውን ቀምሳ አልወደደችውም፤ ሥጋ ያበላሻል አለች። ሌላ የሚያመሳስለን ነገርም አገኘን። አዎ ለማለት ቅንድባቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ልክ እንደ እኛ። አይደለም ለማለት ደግሞ አፍንጫቸውን ይሸበሽባሉ። ያን ቀን ማስተርጎም ሳያስፈልገን በቅንድብ ብዙ ተጨዋወትን።

እዚያ ነው ስለ ሐይቁ የሰማሁት። በጸደይ መንደሩ በሙሉ እዚያ ወጥቶ ዓሣ ያጠምዳል፤ ሥጋው ቀይ የሆነ፣ አድርቀው ዓመቱን የሚበሉት ዓሣ ነው። ከሐይቁ ዳር ደግሞ የኤሊሳፒ ሁለት ልጆች ተቀብረዋል። በረዶው ገና ሳይጠነክር ረግጠውት ሰመጡ። በዚያ አገር አፈሩ ስለማይቆፈር ሬሳ በድንጋይ ክምር ይሸፈናል። ኤሊሳፒ በየዓመቱ ወጥታ የተንሸራተተውን ድንጋይ ትመልሳለች። ይህን ስትናገር አላለቀሰችም፤ ድንጋዩን እንዴት እንደምታስቀምጥ በእጇ ብቻ አሳየችኝ። ፒታ ሥጋውን ትቶ በመስኮት ወደ ውጭ ይመለከት ነበር።

ፒታ ማዕድኑን ይፈልጋል። እውነቱን ለመናገር አልፈርድበትም፤ በመንደሩ ሥራ የለም፣ ወጣቱ ራሱን ያጠፋል፣ ሁለት ጓደኞቹን እሱ ራሱ ቀብሯል። ሽማግሎቹ ደግሞ ሐይቁን እንስጥም አይሉም፣ አንስጥም አይሉም፤ ዝም ይላሉ። በእነሱ ልማድ አንድ ነገር ካልተስማማህ ስብሰባ ላይ ተነሥተህ አትቃወምም። ትነሣለህ፣ ወደ ሰውየው ቤት ትሄዳለህ፣ አብረኸው መረብ ትጠግናለህ፣ ነገሩ በሥራው መሐል ቀስ ብሎ ይነሣል። ፊት ለፊት መቆጣት የሕፃን ነገር ነው። ሽማግሌን በሰው ፊት ማዋረድ ደግሞ ስሙም የለውም አለችኝ ሊያ።

ጋሼ መስፍን ያንን ዝምታ አየና ባላባት አየ። ከሃያ ዓመት በፊት… ስንት ዓመት እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ ያኔ ገጠር ያገኛቸው ጭሰኞች ባላባቱ ፊት ዝም ይሉ ነበር። ስለዚህ እነዚህም ዝም ያሉት ፈርተው ነው። «ማኅበሩን ሰቅዛ የያዘችው እሷ ናት» አለኝ ሹራቡን እየቆለፈ። «ሰዎቹ ተጨቁነዋል። ነገ ሂስና ግለ ሂስ እናደርጋለን።»

«ጋሼ መስፍን፣ እነዚህ ሰዎች እንዲህ አይነጋገሩም እኮ።»

«የእኛስ ገበሬ ይነጋገር ነበር? እኛ አይደለን ያናገርነው!»

በማግስቱ ወንበሮቹን ክብ አስደረደረና ኤሊሳፒን መሐል አስቀመጣት። ሥርዓቱን አስረዳ፦ እያንዳንዱ ተነሥቶ ድክመቷን ይናገራል፤ ሁሉም እስኪጨርስ እሷ መልስ አትሰጥም፤ በመጨረሻ ራሷን ትሄሳለች። ሊያ ተረጎመች። ማንም አልተነሣም። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የላብ መጥረጊያ ወረቀት ሲቀደድ ብቻ ነበር። «ዝምታም ጥፋት ነው፤ ዝም ያለ ሰው ቀጥሎ ይገመገማል» አለ። ሽማግሎቹ ወለሉን አዩ። እሷ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በፈቃዷ ፎቶ እንደምትነሣ ሰው ቀና ብላ ተቀምጣለች።

ለምሳ ስንወጣ ፒታን ኮሪደር ላይ ያዘው። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ትከሻውን ይዞ በአባትነት ነበር የሚያነጋግረው፤ ጋሼ መስፍን ሲያግባባ ደስ ይላል። «መንደሩ ከኋላዋ የሚያማት ምንድን ነው?» አለው። «በየቤቱ የሚባለውን፣ እሷ ፊት የማይባለውን። ሐሜት መድረክ ላይ ከወጣ መርዙ ይጠፋል። ማኅበርህን ከወደድክ አንተ አውጣው።» ፒታ አፍንጫውን ሸበሸበ። ጋሼ መስፍን ትከሻውን አልለቀቀም። ምሳው እስኪያልቅ አብሮት ቆመ።

ከሰዓት በኋላ ፒታ ተነሣ። በእንግሊዝኛ ነው የተናገረው፤ በቋንቋቸው አፉ እምቢ ብሎት ይመስለኛል። መጀመሪያ ስለ ስብሰባ ጥሪ፣ ስለ ቢሮው ቁልፍ ተናገረ። ጋሼ መስፍን «ቀጥል፣ ወደ ውስጥ ግባ» ይላል። ከዚያ ድምፁ ተሰበረና ገባ።

«ሐይቁን የያዝሽው ለእኛ አይደለም፤ ለሙታንሽ ነው። በሕይወት ያለነው ሥራ አጥተን እንሞታለን። በረዶው ቀጭን መሆኑን እያወቅሽ መረቡን እንዲያመጡ የላክሻቸው አንቺ ነሽ። ሁሉም ያውቃል። ማንም አልነገረሽም። እኔንም ያሳደግሽኝ በእነሱ ምትክ ነው።»

ሊያ መተርጎም አቃታት። አያስፈልግም ነበር፤ ኤሊሳፒ ገብቷታል። ፒታን ብዙ አየችው። ከዚያ ቅንድቧን ከፍ አደረገች።

እኔ ብድግ አልኩ። «ጋሼ መስፍን፣ ይብቃ! መለሰችልዎት እኮ!» ያልኩት በአማርኛ ነው።

እሱም በአማርኛ፣ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር፣ በለሰለሰ ድምፅ መለሰልኝ። «ተቀመጪ። አባትሽም ያኔ የወደቀው እንዳንቺ ሆደ ባሻ ስለነበረ ነው። እዚያው ነበርኩ፤ ሰብሳቢው እኔ ነበርኩ።»

ተቀመጥኩ።  ይህ ሰው በየበዓሉ ጉንጩን የምስመው፣ ሥራ ያስገባኝ፣ አባቴ ሲሞት ድንኳን ሥር ቆሞ ያለቀሰ ሰው ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሌላ ሰው የተባባልነውን አልሰማም፤ አሁን ሲገባኝ ያን ቀን መሐል የተቀመጥነው ሁለት ሴቶች ነበርን።

ጋሼ መስፍን ቅንድቧን ማንሣቷን አይቷል። ትርጉሙም አልጠፋውም፤ የእኛው ነው። «ለቃለ ጉባኤ በቃል ትናገር» አለ ግን። ሊያ አልተረጉምም አለች። «በእንግሊዝኛ ትናገራ፤ ጥቂት ትችላለች።» ኤሊሳፒ ተነሣች። እንደ ሕፃን ተማሪ እጇን በጎንና በጎኗ አድርጋ፣ እያንዳንዱን ቃል ፈልጋ እያገኘች ተናገረች።

«አዎ። እኔ ላክኋቸው።»

ጋሼ መስፍን አጨበጨበ። ብቻውን ነው ያጨበጨበው።

በመጨረሻው ቀን አዲስ ምርጫ ተደረገ፤ ፒታ ሊቀ መንበር ሆነ። እሷም እጇን አወጣችለት። የምስክር ወረቀት ተሰጠ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ሆቴሉ በር ላይ ቡድን ሆነው ፎቶ ተነሡ። ጋሼ መስፍን መሐል ነው ያለው።

ደለስ ኤርፖርት የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ኤሊሳፒ ከፊት፣ ከጎኔ ተቀመጠች። ዝናብ ጥሎ አስፋልቱ ይጨሳል።  አጋማሽ ላይ ስንደርስ ቀስ ብላ አንድ ነገር አለች፣ ሊያ ከኋላ ተረጎመችልኝ።

«ያ ሰውዬ ይህን ነገር በአገራችሁም ያደርገዋል ወይ? ትላለች።»

«ያደርገው ነበር።»

«ከዚያ በኋላ ሰዎቹ እንዴት አብረው ይኖራሉ?»

መኪናዎቹን እያየሁ ጥቂት ነዳሁ። «አብረው አይኖሩም» አልኳት። «ይኸው እዚህ ነን።»

ቅንድቧን ከፍ አደረገች። ስንለያይ ጉንጬን በአፍንጫዋ ተጭና አሸተተችኝ፤ እነሱ የሚስሙት እንደዚያ ነው። ቢሮ ስመለስ ሥራውን ለቀቅሁና ነርሲንግ ተመዘገብኩ። ለጋሼ መስፍን የክፍያው ነገር አላዋጣኝም ብዬ ነገርኩት፤ አመነኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ሊያ ናት በስልክ የነገረችኝ። ማኅበሩ እሺ ብሎ ፈረመ። ኩባንያው በጨዋ ደንብ መቃብሩን አዛወረ፤ ድንጋዩን በማሽን አነሡ፣ አጥንቱን በሣጥን አድርገው መንደር አወረዱት። ኤሊሳፒ እንድትገኝ ተጋብዛ ነበር፤ ሄዳ ቆማ አየች። ሐይቁ ታጠረ። ጥቂት ዓመት ከተቆፈረ በኋላ የተባለውን ያህል አይደለም ተብሎ ኩባንያው ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ዓሣው ዛሬ አይበላም፤ ውሃው ተበክሏል። ፒታ በየሳምንቱ ኤሊሳፒ ቤት ይሄዳል፤ ያደገበት ቤት ነው። በሩን ትከፍትለታለች፣ ሾርባ ትቀዳለታለች፣ ጓንቱ ከተቀደደ ትሰፋለታለች። ቃል ግን አትናገረውም። አትቆጣውም፣ አትገስጸውም፤ ዝም ብላ ታበላዋለች። ሊያ ይህን ስትነግረኝ፣ ቢደበድቡት ይሻለው ነበር አለች። ኤሊሳፒ ከሞተችም በኋላ ቤቷ በር ላይ እየሄደ ይቀመጣል አሉ። አንድም ቀን አላናገረችውም።

እንግዲህ ልጄ ስለ ፊድባኳ ካወራችኝ በኋላ ይህ ሁሉ ትዝ ሲለኝ ሰነበተ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከምኖርበት ከውድብሪጅ ተነሥቼ ጌይተርስበርግ ሄድኩ። ጋሼ መስፍን ሴት ልጁ ቤት ነው ያለው፤ ልቡ ደክሟል፣ ከአልጋ ብዙ አይወርድም። እንቅልፍ ግን ይወዳል ትላለች። እኔ ስጠይቀው የኖርኩት በይሉኝታ ነው፤ የአባቴ ጓደኛ፣ የአገሬ ሰው፣ እንጀራ ያበላኝ ሰው እያልኩ። በዚህ ሁሉ ዓመት ስለ ኤሊሳፒ አንድ ቃል አልነገርኩትም ነበር። እሱም ጠይቆኝ አያውቅም።

ያን ቀን ነገርኩት። ልጎዳው ፈልጌ ነው፤ አልደብቅም። ወንበር ስቤ ከራስጌው ተቀመጥኩና አንድ ሳላስቀር፣ ሣጥኑን፣ ዓሣውን፣ ሾርባውን፣ ፒታ በሩ ላይ መቀመጡን፣ ሁሉንም ነገርኩት። ጣሪያውን እያየ ሰማኝ። ዓይኑ እንባ ያቀረረ ሲመስለኝ ደስ አለኝ።

ስጨርስ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «ማኅበሩስ?» አለኝ።

«ምን ማኅበሩ?»

«የመሬት ማኅበራቸው። ፈረሰ?»

«አልፈረሰም» አልኩት። ውሸት መናገር ነበረብኝ፣ አልመጣልኝም። «እስከ ዛሬ በየወሩ ይሰበሰባሉ። ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ። እንደ ሞዴል ነው የሚታዩት አሉ፤ ሌሎች መንደሮች እየመጡ ከእነሱ ይሠለጥናሉ።»

«ፒታ ነው የሚመራው?»

«ፒታ ነው።»

ትራሱ ላይ ተመቻችቶ እጄን ፈልጎ ያዘኝ። እጁ ሞቃት ነበር። «አየሽ!» አለ። «ያኔ ብትናደጂብኝም፣ ማኅበሩ ቆመ።»

ልጁ ሾርባ ይዛ ስትገባ ፊቱን አየችና ፊቷ በራ። «ምን ብለሽው ነው እንዲህ ደስ ያለው? ከስንት ጊዜ በኋላ!»

ያቀረበችልኝን በላሁ፣ አመስግኜ ወጣሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጋሼ መስፍን በሰላም የሚተኛው የሆነውን ስለማያውቅ ነው ብዬ አስብ ነበር። በዚህች ሐሳብ ነው ስንት ዓመት ጉንጩን ስስመው የኖርኩት። ሰኞ ጠዋት ልጁ ደውላ አመሰገነችኝ፤ ዳዲ ከመጣሽ ወዲህ አንዴም ሳይነቃ ነው ያደረው አለችኝ። እኔ ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።